ከቡሬ ወደ ባሮ ዳር

የትውልድ አገሬ ቡሬ ነው ባልሁ ቁጥር «የትኛው ቡሬ?» የሚል ጥያቄ ይከተለኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የጎጃሙ ቡሬ አለ፤ በአሰብ መንገድ ላይ የሚገኘው የአፋሩ ቡሬም አለ። የእኔው የኢሉባቦሩ ነው፤ ይኸውም ከመቱ ተነሥቶ በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚሄደው መንገድ ደጋውን ተሰናብቶ ወደ ቆላ ከማዘቅዘቁ በፊት የሚያገኘው ከተማ ነው።

የአፋሩ ቡሬና የእኛ ቡሬ ግን የሚመሳሰሉት በስም ብቻ አይደለም። ሁለቱም ወደ ወደብ በሚያወጣ በር ላይ የተቀመጡ ናቸው። ከዚያኛው ቡሬ መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ አሰብና ቀይ ባሕር ይገኛሉ፤ ከእኛው ቡሬም መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ጋምቤላና ባሮ ወንዝ ይገኛሉ። የአፋሩ በር በ1990 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ተዘጋ፤ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መሪዎች ፊት ተከፈተ፤ ብዙ ሳይቆይም ተመልሶ ተዘጋ። ይህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል። የእኛ በር መቼና እንዴት እንደ ተዘጋ ግን ከቡሬ ልጆች መካከል እንኳ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ቤተሰባችን ባለፈው ጥር ወደዚያ ወደ ተረሳው ዳር ያደረገው ጉዞ ነው።

በዛሬ ጊዜ ተማሪው ድንኳን ይዞ ወደ ወንጪ ወይም ወደ ላንጋኖ መውጣትን ለምዷል፤ ስሙንም «ካምፒንግ» ብሎታል። በእኛ አገር ግን ድንኳን የሚተከለው ለሰርግ ነው፤ አለዚያም ለለቅሶ። አባቴ ለመንገዱ ብለው ከዕድራችን ትንሿን ሸራ ሊዋሱ በሄዱ ጊዜ ዕቃ ጠባቂው ደንግጦ ተነሣና «ማን ሞተ?» አላቸው። አባቴ ሥቀው ነገሩን አስረዱት። ይህንኑ ማታ ለቤተሰቡ ሲያጫውቱ አያቴ አልሣቁም። «ማን ሞተ ሲልህ ለምን የእኔ አባት ናቸው አላልኸውም?» አሉ።

አያቴን በቤታችን «አኮ» እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ዛሬ ሰማንያውን አልፈዋል። አባታቸው አጋሰስ ጭነው በቡሬና በጋምቤላ መካከል የሚመላለሱ ነጋዴ ነበሩ። አኮ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ፥ ባንዱ በጋ አባታቸው ቡና ጭነው ወረዱ፤ ጓደኞቻቸው ግን ጋቢያቸውን ብቻ ይዘው ተመለሱ። ንዳድ ይዟቸው ወንዙ ዳር አርፈው ነበር። ለቅሶው ያለ አስከሬን ቡሬ ላይ ተለቀሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤተሰባችን ያንን ዳር አይቶ ለአኮ የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኛ ሽርሽር ብለን የተነሣንለት ጉዞ ለእርሳቸው ሰባ ዓመት ያህል የዘገየ መንገድ ነበር።

እናቴ ግን በጉዞው አልተስማማችም። ፍርሃቷም ያለ ምክንያት አልነበረም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ብዙ አኝዋኮች ተገድለዋል፤ ከገዳዮቹ መካከልም ወታደሮች ብቻ ሳይሆኑ ከደጋ የሄዱ የከተማው ነዋሪዎች ነበሩበት። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ከተማ ውጊያ ተደርጓል። «እኛ በዚያ አገር ደገኛ ነን። የበደለውንና ያልበደለውን ማን ይለይልናል? አንድ ሙት ለመፈለግ ሰባት ነፍስ በመኪና ይጫናል?» አለች። አባቴ አስተማሪ ናቸውና ብዙ ማስረጃ ደረደሩ፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሾፌሮችን እየጠየቁ አረጋገጡ፤ እናቴ ግን አልረታችም። የረቷት አኮ ናቸው። «እኔ አባቴን ፍለጋ አልሄድም፤ አፈር የበላውን ማን ያገኛል? አባቴ ያዩትን ውሃ ላየው ነው» አሏት። እናቴም ከዚህ በኋላ ስለ ስንቅና ስለ አጎበር ብቻ ተናገረች።

እዚህ ላይ ስለ ወደቡ ጥቂት መናገር ያስፈልገኛል። የኢሉባቦር ቡና የሚለቀመውና የሚደርቀው በበጋ ነው። በባሮ ላይ መርከብ የሚመጣው ግን ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ነበር። ስለዚህ ነጋዴው ጭቃ ሳይዘው፥ በደረቁ ወራት ቡናውን፥ ሰሙንና ቆዳውን በአጋሰስ ወደ ጋምቤላ ያወርዳል፤ ዕቃው በመጋዘን ተከማችቶ ክረምቱን ይጠብቃል፤ ዝናቡ ሲበረታ ከካርቱም የተነሣው የእንፋሎት መርከብ በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል ወደ ባሮ ይገባል፤ ጨውና ጨርቅ አራግፎ ቡና ይጭናል። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች በጎሬና በጋምቤላ የንግድ ቤት የከፈቱት በዚህ ምክንያት ነው። የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ፥ ከዚያም በባቡር ጅቡቲ እስኪደርስ ድረስ ከሚያወጣው ወጪና ከሚፈጀው ጊዜ ይልቅ የባሮ መንገድ የቀረበ ነበር። ጠላት በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘ ጊዜም የኢትዮጵያ መንግሥት ርዝራዥ በጎሬ ሊሰነብት የቻለው አንድም በስተጀርባው ይህ በር ስለ ነበረ ይመስለኛል። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ከቤልጅግ ኮንጎ የመጡ አፍሪካውያን ወታደሮች ኢጣልያኖችን ከጋምቤላ አስለቅቀው ወደ ደምቢዶሎ ተሻግረዋል።

ነገር ግን የወደቡ ሥራ የቆመው በሱዳን አስተዳደር ላይ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ የንግድ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ በዚያ በኩል የርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፤ በዚህ በኩል ደግሞ የመኪና መንገድ ተሻሽሎ ቡናው ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዞረ። መርከቡም እየሳሳ ሄዶ ቀረ። የእኛ በር የተዘጋው እንዲህ ቀስ በቀስ፥ ማንም ሳያለቅስለት ነው።

ወደ ጉዞው ልመለስ። አጎቴ ከወዳጁ የተከራየው አሮጌ ላንድክሩዘር ሰባት ሰው፥ የዕድር ሸራ፥ አጎበር፥ የውሃ ጀሪካን፥ በሶና ድርቆሽ፥ ጀበናና የተቆላ ቡና ጭኖ ከቡሬ በማለዳ ተነሣ። ቁልቁለቱ ሲጀምር አኮ መስታወቱን አስከፈቱ። ከቡሬ እስከ ጋምቤላ መሬቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳልና በሁለት ሰዓት ጉዞ ውስጥ ሰው ሁለት አገር ያያል። መጀመሪያ ዋርካውና የቡና ጥላው፥ ጉሙና ቅዝቃዜው አለ፤ ከዚያ ዛፉ እየሳሳ፥ ሣሩ እየረዘመ፥ አየሩ እየከበደ ይሄዳል። ጥር የሣር ቃጠሎ ወር በመሆኑ በየጎኑ ጢስ ይታይ ነበር። እያንዳንዳችን ጋቢያችንንና ሹራባችንን አንድ በአንድ እያወለቅን ኮረብታውን ጨረስን። አኮ ግን ነጠላቸውን አላወለቁም።

ጋምቤላ ስንደርስ መጀመሪያ የሄድነው ወደ ወንዙ ነው። ባሮ በበጋው ጎድሎ የአሸዋ ደሴቶች አውጥቷል። ልጆች ይዋኛሉ፤ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ሾፌሮች መኪናቸውን ውሃው ድረስ አስገብተው ያጥባሉ። አኮ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ካዩት በኋላ «በዚህ ላይ ነው መርከብ የሚሄደው?» አሉ። አባቴም ክረምቱን፥ የውሃውን ከፍታ፥ ሶርና ገባ ተቀላቅለው፥ ብርብርንም ጨምረው ባሮን እንደሚሠሩት፥ ባሮም ከፒቦር ጋር ሶባት ሆኖ ነጭ ዓባይ ውስጥ እንደሚገባ አስረዷቸው። አኮ አዳምጠው ሲጨርሱ «እንግዲያው በጓሯችን የሚዘንበው ምስር ይደርሳል ማለት ነው፤ አባቴ ብቻ ናቸው እዚህ የቀሩት» አሉ። ከዚህ በኋላ አባቴ ጂኦግራፊውን አቆሙ።

ከተማው ውስጥ ማደር እንችል ነበር። ነገር ግን አኮ አባታቸው የሲራራ ሌሊት እንዴት እንደሚያልፍ፥ ጭነት ተራግፎ እሳት ዙሪያ ሜዳ ላይ እንዴት እንደሚተኛ ሲያወሩ ሰምተው አድገዋልና ወንዙ ዳር ካላደርሁ አሉ። አጎቴም ዓሣ የማጥመድ ምኞት ነበረው። ስለዚህ ወደ ኢታንግ በሚወስደው መንገድ ቀጠልን፤ ስለ ጸጥታው ጠይቀን ደኅና መሆኑን ከሰማን በኋላ ከዋናው መንገድ ወጥተን በእግር መንገድ ላይ ወደ ወንዙ ታጠፍን። ከዚህ ጀምሮ መንገድ የሚባል ነገር የለም። ከመኪናው ጣሪያ የሚበልጥ ሣር አለ፤ የደረቀ ረግረግ አለ፤ የከብት ዱካ ውስጥ የደረቀ ጭቃ እንደ ድንጋይ ይነጫል። አንድ ቦታ ላይ አሸዋው የኋላ ጎማችንን ዋጠው። አጎቴ ፎር ዊሉን አስገብቶ ቢታገልም መኪናው እየባሰበት ሄደ። ሁላችንም ወርደን ቅርንጫፍ እየቆረጥን ከጎማው ሥር ጎዘጎዝን፤ ከአንድ ሰዓት ግፊያ በኋላ ወጣ። ታናሽ እኅቴ ስልኳን እያየች «ኔትወርክ የለም፤ የዓለም መጨረሻ ደርሰናል» አለች።

የዓለም መጨረሻ ያለችው ቦታ ግን ሰው ነበረበት። ወንዙ ዳር ስንደርስ አጎቴ ወዲያው ሁለት ቦታ መረጠ። አንደኛው ከውሃው በላይ ያለ ደልዳላ ጥቁር አፈር ነው፤ ሁለተኛው ወደ ውሃው የሚንሸራተት ንጹሕ አሸዋ ነው። አሸዋውን ወደደውና ሸራውን ማውረድ ጀመረ። አኮ ከመኪናው ሳይወርዱ «ባለቤቱን ጠየቅህ?» አሉት። «ባለቤት የለውም፥ ወንዝ ዳር እኮ ነው» አላቸው። «ባለቤት የሌለው ዳር የት አይተህ ታውቃለህ? ቡሬ ላይ ደጃችን ድንኳን ቢተክሉብህ ዝም ትላለህ?» ብለው ከሸራው ላይ እጁን አስነሡት።

ብዙም ሳንቆይ ከበቆሎው ውስጥ አንድ ሽማግሌና አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የልጅ ልጃቸው ብቅ አሉ። አኝዋክ ናቸው። በጋምቤላ ክልል የሥራው ቋንቋ አማርኛ ስለ ሆነ ልጅቷ በትምህርት ቤት የተማረችው አማርኛ ለሁላችንም በቃን። አኮ ከመኪናው ወርደው፥ ነጠላቸውን አስተካክለው እንደ አገራቸው ወግ ሰላምታ ሰጡና «ለአንድ ሌሊት ማደሪያ እንለምናለን» አሉ። ልጅቷ አስተረጐመች። ሽማግሌው ስንት እንደሆንን፥ ከየት እንደ መጣን፥ ለምን እንደ መጣን ጠየቁ። አኮ ሁሉንም ነገሯቸው፤ የአባታቸውንም ነገር አልደበቁም።

ሽማግሌው በበትራቸው አጎቴ ወደ መረጣቸው ቦታዎች ጠቆሙ። ጥቁሩ አፈር እርሻ ነው፤ ክረምት ውሃው ይተኛበትና ሲሸሽ በቀረው እርጥበት በቆሎ ይዘራበታል። ንጹሑ አሸዋ ደግሞ አዞ ፀሐይ ለመሞቅ የሚወጣበት ነው፤ ንጹሕ የሆነውም ሆዱ ስለሚጠርገው ነው። በበትራቸው ጫፍ የጅራቱን መሥመርና የጥፍሩን ምልክት ሲያሳዩን እናቴ ታናሽ ወንድሜን ይዛ ወደ ኋላ ሄደች። አጎቴም ያን ቀን ስለ ዓሣ አላነሣም። ሽማግሌው ከበቆሎው ማዶ፥ ከውሃው ራቅ ብሎ በአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቦታ ሰጡን፤ ማታም እንድንነድ እንጨት አስመጡልን።

አኮ ጀበናቸውን ጣዱ። የቡሬ ቡና እንደገና ባሮ ዳር ደረሰ፤ በዚህ ጊዜ በጆንያ ሳይሆን በሲኒ ነው። የመጀመሪያውን ሲኒ ለሽማግሌው ሰጡ። ከዚያም የአባታቸውን ስም ነግረው «ሰምተው ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው ስሙን ሁለት ጊዜ ደጋግመው ከቅርባቸው ጋር አመላለሱትና «አላውቀውም» አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን እንግዳን ለማስደሰት አንድ ነገር ይፈጥር ነበር። እርሳቸው ግን ከላይ እየወረዱ በንዳድ የሚሞቱ ሰዎች እንደ ነበሩ ከአባታቸው መስማታቸውን፥ የማንንም ስም ግን እንዳልነገሯቸው ብቻ ገለጡ። አኮም «እውነት መናገርዎ ይበቃኛል» አሉ። ልጅቷ ይህን ስታስተረጕም ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሁለተኛውንም ሲኒ ተቀበሉ።

ልጅቷ እኅቴን «ከተማችሁ ከዚህ በጣም ሩቅ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እኅቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት ትንሽ አሰበች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሩቁ አገር የልጅቷ ነበር፤ ለካ ለልጅቷ ሩቁ አገር የእኛ ነው። ማለዳ ስነቃ አኮን ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወንዙ በጭጋግ ውስጥ ይሄዳል፤ አንድ ሰው ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ቆሞ ይቀዝፋል። አኮ አላለቀሱም። «እንግዲህ አየሁት» ብቻ አሉ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ከዚህ በኋላ ያለውን በጉዞው ላይ ሳይሆን ከተመለስሁ ወዲህ ሳነብ ያሰብሁት ነው። የጋምቤላ ወደብ የተመሠረተው ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል ነው። ውሉ በባሮ ላይ፥ ኢታንግ አጠገብ፥ የወንዝ ፊቱ ከ2,000 ሜትር፥ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ተመርጦ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ይላል። ለፖለቲካና ለጦር ሥራ እንዳይውልም ይከለክላል። ጣቢያውም ጥቂት ቈይቶ በጋምቤላ ተቋቋመ። እንደ ውል ሥራ ጥንቃቄ የተደረገበት ነው፤ ሜትሩ ተለክቷል፥ ሄክታሩ ተቈጥሯል። በዚያ አንቀጽ ውስጥ የሌለው ነገር ቢኖር በዚያ 2,000 ሜትር ላይ በቆሎ የሚዘራው ሰው ነው። ያው ውል ድንበሩንም ስላሠመረ አኝዋክና ኑዌር ለሁለት አገር ተከፈሉ።

በ1877 ዓ.ም. በርሊን ላይ ተሰብስበው አፍሪካን ስለ መከፋፈል የተነጋገሩትን አውሮጳውያን በየክፍሉ እናወግዛለን፤ ማውገዛችንም ትክክል ነው። ነገር ግን የባሮን ዳር ያከራየው የእኛው መንግሥት ነበር። ለአገሪቱ በር ፈለገ፤ በሩንም አገኘ፤ የጎሬና የቡሬ ነጋዴም፥ የአኮ አባትም ጭምር፥ በዚያ በር እንጀራቸውን በሉ። የበሩን ጠባቂ ግን ማንም «እናድር ዘንድ ፈቃድህ ነው?» ብሎ አልጠየቀውም። ከዚያ ወዲህም ያ አገር በእኛ አፍ «ጠረፍ» ሆኖ ቀረ። ጠረፍ ማለት ደግሞ ሰው የተመደበበት እንጂ ሰው የሚኖርበት አገር አይመስልም።

ዛሬ ስለ ባሕር በር በየጋዜጣውና በየመኝታ ክፍላችን ብዙ ይባላል። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር ዳርቻ የላትምና ነገሩ ማነጋገሩ አይደንቅም፤ እኔም እንደ ማንኛውም ሰው አገሬ ከዓለም ጋር የምትገናኝበት መንገድ እንድታገኝ እመኛለሁ። የምቃወመው ዳርቻን በካርታ ላይ እንዳለ ባዶ መሥመር አድርጎ መናገርን ነው። ባዶ መስሎ የታየን ጥቁር አፈር እርሻ ነው፤ ንጹሕ መስሎ የታየን አሸዋ የአዞ ነው፤ ይህንንም የሚያውቀው እዚያው የሚኖረው ሰው ብቻ ነው። ሽማግሌውን ባንጠይቅ ኖሮ በዚያች ሌሊት ምን ይደርስብን እንደ ነበር እናቴ እስከ ዛሬ ታወራለች። መጠየቅ እንዲሁ ትሕትና ብቻ ሳይሆን ነፍስንም የሚያድን ዕውቀት ነው።

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ድልድይ አንሠራም፥ ወደብ አንቆፍርም። ነገ ግን ብዙዎቻችን አስተማሪ፥ ጸሐፊ፥ ዳኛ፥ የወረዳ ሹም ሆነን ወደማናውቀው አገር እንላካለን። ከመሄዳችን በፊት በመጪው በጋ ሽርሽራችንን ከለመድነው ሐይቅ ይልቅ ወደ ምዕራብ ብናደርገው፥ በመቱና በጎሬ በኩል አልፈን በቡሬ ቁልቁለት ብንወርድ ብዙ እንማራለን። ባሮ ዳር ስንደርስም ሸራችንን ከማውረዳችን በፊት መንደሩን እንፈልግና እንጠይቅ። ከተፈቀደልን እንተክላለን፤ ካልተፈቀደልንም ጠቅልለን ሌላ ዳር እንፈልጋለን።